ከዜማ ወደ ምልክት፤ ስለ ሕፃናት የሙዚቃ ንባብ ትምህርት የቀረበ ሂስ

የሙዚቃ ትምህርት በመደበኛ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ቦታ ሊሰጠው ይገባል የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር አብሮት የሚነሣ አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም አንድ ሕፃን ሙዚቃ ተማረ ሊባል የሚችለው ኖታ ማንበብ ሲችል ነው፤ ስለሆነም ትምህርቱ ከኖታ መጀመር አለበት የሚል ነው። የአስተሳሰቡ የመጀመሪያ ክፍል ብዙ እውነት አለው። ሁለተኛው ክፍል ግን ከመጀመሪያው የሚከተል ይመስላል እንጂ አይከተልም። ሕፃን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት አፉን ፈትቶ ዓመታት ሲናገር እንደቆየ የሚዘነጋ የቋንቋ መምህር የለም። በሙዚቃ ረገድ ግን ይህ ግልጽ ነገር በቀላሉ ይዘነጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ዝንጋታው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚያስከፍል መመርመር ነው።

ለምርመራው በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የተክለ ሃይማኖት ሠፈር ጥሩ መነሻ ይሆናል። ሠፈሩ የተጠራው በቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው። በዚያ የሚያድግ ሕፃን የክረምቱ መውጫ ሲቃረብ በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ በሦስት የዜማ ጉባኤዎች ያልፋል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲውል ወንዶቹ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ በዓል ሲከበር ሌሊቱን በማኅሌት፣ ቀኑን በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ከበሮና ጸናጽል ይሰማል። አዲሱ ዓመት ሲብት ደግሞ ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤት ይከፈታል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት መስመሮች አስምሮ የየመስመሩን ስም በቃል ማስጠናት ከጀመረ፣ ያ ሁሉ የነሐሴና የመስከረም ዜማ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ሕፃኑም ሙዚቃ የሚባለው ትምህርት እርሱ ከሚያውቀው ዘፈን ጋር ዝምድና እንደሌለው ይረዳል።

1. የዜማ ቤቱ ሥርዓት

ኢትዮጵያ ዜማን በምልክት በመጻፍ ረገድ እንግዳ አይደለችም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዜማ በትውፊት ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ከቅዱስ ያሬድ ይቆጠራል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ እንዲሁም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለእርሱ ይሰጣሉ። ዛሬ በድጓው ላይ የሚታየው የምልክት ሥርዓት የተደራጀው ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል። ይህ የዘመን ርቀት ራሱ ትምህርት ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ከተወሰደ ዜማው ወደ አንድ ሺሕ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሰው ጉሮሮ ኖሮ ነው በኋላ በቀለም የተመለከተው። ምልክቱ የመጣው ዜማን ለመፍጠር ሳይሆን እንዳይጠፋ ለመጠበቅ ነበር።

ምልክቶቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ ሲሆኑ፣ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። ለሕፃናት ትምህርት ሲባል ከሁሉ በላይ ሊተኰርበት የሚገባው ስማቸው ነው። ይዘት መያዝን፣ ሂደት መሄድን፣ ቁርጥ መቁረጥን፣ ድፋት መድፋትን ያሳስባል። ስሙ በተማሪው ቋንቋ ውስጥ ያለ፣ አንድ ድርጊት የሚያመለክት ቃል በመሆኑ ምልክቱን ያየ ልጅ ድምፁ ምን ማድረግ እንዳለበት ከስሙ ፍንጭ ያገኛል። ሁለተኛዎቹ ከታወቁ የዜማ ቃላት የተወሰዱ፣ በመስመሩ አናት ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚቀመጡ ፊደላት ናቸው። ቁጥራቸው በመቶዎች የሚገመት ሲሆን ትርጉማቸውም «ይህን ቃል እንደዚያ እንደምታውቀው ቃል አዚመው» ማለት ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተሟቸው ጥናቶች ይህ ጽሕፈት የቃል ትምህርቱን የሚተካ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ተደጋግፎ የሚሠራ መሆኑን አሳይተዋል።

የአስተማማሩ ቅደም ተከተልም ከዚህ ጋር የተስማማ ነው። ተማሪው አስቀድሞ በንባብ ቤት ፊደል ይቈጥራል፤ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያልፋል። ጣቱ ወይም ስንደዶው ከፊደሉ ላይ ሳይነሣ ድምፁ አብሮት ይሄዳል። ወደ ዜማ ቤት ሲገባ የኔታ ያዜማሉ፤ ተማሪው ይቀበላል። የተቀበለችው ጥቂት ክፍል በቅጸላ ትደጋገማለች፤ ቀድሞ የተማረው ደቀ መዝሙር ለአዲሱ ያሰማዋል፤ ስሕተቱንም ያርመዋል። ቁም ዜማው ሳይጸና ወደ ዝማሜ፣ ወደ መቋሚያውና ወደ ከበሮው አይታለፍም። ብዙዎቹም ድጓቸውን ከነምልክቱ በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ። በአጭሩ፣ መስማት፣ ማዜም፣ መደጋገም፣ ማየት፣ መጻፍ ሥርዓት ባለው መንገድ ይከታተላሉ።

ይህ ማለት ግን የዜማ ቤቱ ሥርዓት እንዳለ ተወስዶ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ይግባ ማለት አይደለም። ጉድለቶቹ በግልጽ መነገር አለባቸው። አንደኛ፣ ምልክቱ የሚያስታውሰው አስቀድሞ የታወቀውን በመሆኑ፣ ተማሪው ከመምህር ያልሰማውን ዜማ ከመጽሐፍ ብቻ አንሥቶ ማዜም ይቸግረዋል። ሁለተኛ፣ በዚሁ ምክንያት ትምህርቱ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ሦስተኛ፣ የዜማ ቤቱ ጉባኤ ለረጅም ዘመን የወንዶች ጉባኤ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ልጃገረዶች በብዛት የሚዘምሩት በሰንበት ትምህርት ቤቶች ነው። አራተኛ፣ አለንጋው ነው፤ ስለ እርሱ ከታች ይነገራል።

2. የአምስቱ መስመሮች አመጣጥ

ባለ አምስት መስመሩ ኖታ በኢትዮጵያ መደበኛ ሥራ ያገኘው በሌላ በር ገብቶ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በበኩሉ በ1955 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቀኞችንና መዘምራንን ሲያሠለጥን ቆየ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተጠቃለለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን ጽሕፈት ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ትምህርት ጋር አጣምሮ ማስተማር ያዘ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በአማርኛ ያዘጋጁትን የኖታ መማሪያ «የሙዚቃ ሰዋስው» ብለው ሰይመውታል። ስያሜው ከሥፍራው የገባ ነው። ሰዋስው የሚማረው ቋንቋውን የሚናገር ሰው ነውና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊስተዋል የሚገባው ፍሬ ነገር አለ። በጓዱም ሆነ በቴአትር ቤቱ ኖታ የተነበበው መሣሪያ በእጅ ይዞ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ወዲያው ድምፅ ይሆናል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይሰማል። ከጎን ያለው ሙዚቀኛ ለብቻው የሚሳሳተውን አይታገሠውም። ይኸው ጽሕፈት ከጓዱ ተነሥቶ መሣሪያ ወደሌለው ክፍል ሲገባ ግን ድምፁ ከበር ይቀርና ሥዕሉ ብቻ ይገባል። ተማሪው ሙሉ ኖታ ከግማሽ፣ ግማሹም ከሩብ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያሰላል፤ ሒሳቡን ያገኛል፤ ዘፈኑን ግን አይዘፍነውም። በፈተና ወረቀት ላይ የቁልፉን ስም በትክክል ጽፎ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝ፣ ነገር ግን አንዲት አጭር ዜማ ከገጽ ላይ አንሥቶ ማንጎራጐር የማይችል ተማሪ አነበበ ሊባል አይችልም። ስለ ንባብ ተማረ እንጂ ንባብ አልተማረም።

የዚህ ጽሕፈት ታላቅ ጥቅም ግን ሊካድ አይገባም። ዜማ ቤቱ የማይሰጠውን ነገር፣ ማለትም ያልሰሙትን የማንበብ ችሎታ፣ ይሰጣል። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጊዶ ዳሬዞ ይህን ጥቅም አስቀድሞ ተናግሯል። በእርሱ ዘመን የነበሩ መዘምራን ዐሥር ዓመት ደክመው እንኳ ፍጹም የማያደርሱትን ትምህርት፣ በመስመር በተጻፈ ምልክትና በስም በተጠሩ ድምፆች በአንድ ዓመት፣ ቢበዛም በሁለት ዓመት ማድረስ እንደሚቻል ገልጿል። የድጓን ትምህርት ርዝመት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አባባል ባዕድ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ ጊዶ ያሳጠረው መንገድ ለሚዘምሩ ልጆች የተጠረገ ነበር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚባለው ስም የተገኘውም መዘምራኑ ከሚያውቁት አንድ መዝሙር የስንኝ መነሻ ቃላት ነው። የኖታው አባትም ቢሆን ከሚታወቀው ተነሥቶ ነው ወደማይታወቀው የሄደው።

3. የቅደም ተከተሉ ስሕተት

ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እያሉ ሰባቱን ድምፆች በአንድ ጊዜ ማስጠናት ለብዙዎች የማይቀር መጀመሪያ ይመስላቸዋል። ግን አይደለም። የሀንጋሪው የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ (ከ1882 እስከ 1967 እ.ኤ.አ.) በአገሩ የመሠረተው የትምህርት ስልት የሚጀምረው ሕፃናቱ በጨዋታ ከሚዘፍኗቸው ሁለትና ሦስት ድምፆች ነው። ቀስ በቀስ አምስት ይሆናሉ፤ ፋና ሲ የሚመጡት ዘግይተው ነው። ድምፆቹን በእጅ ምልክት ማሳየትንም ከእንግሊዛዊው ከጆን ከርወን ወስዶ ለዚሁ አውሎታል። ስለሆነም ተማሪው የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በመስመር ላይ ከማየቱ በፊት በራሱ እጅ ያየዋል።

ይህ ስልት ለኢትዮጵያ ሕፃን ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው። ትዝታ ሜጀር የተባለው ቅኝት ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው፤ ፋና ሲ የሉበትም። እንግዲህ ሰባቱን በአንድ ጊዜ የሚያስጠና መምህር ሕፃኑ በጆሮው የሚያውቃቸውን አምስት ድምፆች በማያውቃቸው ሁለት ድምፆች መካከል በትኖ ያቀርብለታል። ሕፃኑ ፋ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቢስት ጆሮው ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ጆሮው በሌላ ሥርዓት የሠለጠነ ስለሆነ እንጂ። ስለሆነም አምስቱ ድምፆች ከጸኑ በኋላ ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰልና ወደ አንቺ ሆዬ ማለፍ ተገቢ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ፋና ሲ በባቲ ሜጀር ውስጥ ሥራ ይዘው ስለሚገኙ ተማሪው በባዶ ስም ሳይሆን በዜማ ይተዋወቃቸዋል።

የምት ትምህርትም እንዲሁ ነው። ሆያ ሆዬ የሚጨፍር ልጅ ዱላውን መሬት ላይ ሲመታ የምቱን እኩልነት ይጠብቃል፤ አውራጁ ቃሉን ቢያረዝም ወይም ቢያሳጥር ተቀባዮቹ ከዱላው አይለዩም። ይህ ልጅ ምትን ያውቃል፤ የሚጐድለው ለሚያውቀው ነገር ምልክት ማግኘት ብቻ ነው። መምህሩ ዱላው በመሬት ላይ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ አንድ ሰረዝ በሰሌዳው ላይ እንዲያሰምር ቢያደርገው፣ ሩብ ኖታ ምን እንደሆነ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል። አውራጁ ብቻውን በሚያዜምበት ጊዜ ተቀባዮቹ ዝም ማለታቸው ደግሞ የዕረፍትን ምልክት ያስተምራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምስቱ መስመሮች የኢትዮጵያን ዜማ ሁሉ ሳይጐድል ይይዛሉ ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። የርክርኩ መንቀጥቀጥ፣ የማሲንቆው መሸጋገሪያ፣ በልክ በተቈረጠ ምት የማይሄደው እንጉርጉሮ በነጥብና በመስመር ሲጻፍ ከራሱ ብዙ ያጣል። ሕፃኑ ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። ምልክት የዜማ አጽም ነው፤ ሥጋውን የሚያለብሰው ጆሮ ነው። የዜማ ቤቱ ልማድ ለዘመናዊው ክፍል ሊያበረክት የሚችለው ትልቁ ስጦታም ይኸው ግንዛቤ ነው።

4. ስለ ልምምድ

ስለ ሕፃናት ልምምድ ሲነገር በኢትዮጵያ የሚጠቀሰው ምሳሌ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ በአጎቱና በመምህሩ በአባ ጌዴዎን በተገረፈ ጊዜ ኰብልሎ ሄደ። ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ ተመለከተ። በዚህም ልቡ ተነክቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ታሪኩ ለተማሪዎች የሚነገረው ትዕግሥትን ለማስተማር ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን ተራኪዎች የሚያልፏቸው ሁለት ነገሮች በውስጡ አሉ። አንደኛው፣ ልጁን ያባረረው አለንጋው፣ የመለሰው ግን በትዕግሥት የተመለከተው አንድ ምሳሌ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ትሏን ካየ በኋላ ብቻውን ሊታገል አለመሄዱ ነው፤ ወደሚሰማውና ወደሚያርመው ሰው ተመለሰ። ልምምድ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ መመለስ ባላስፈለገው ነበር።

ይህ ለዛሬው ወላጅና መምህር ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ሕፃን «ሂድና ተለማመድ» ተብሎ ብቻውን ሲተው በአብዛኛው የሚያደርገው ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሞ ማለት ነው። የሚሳሳትበትን ቦታም አብሮ ይደጋግመዋል፤ ስሕተቱም እንደ ትክክሉ ይጸናበታል። የቅጸላ ጥበብ ይህን ያስቀራል፤ የምትጠናው ክፍል ጥቂት ናት፤ የሚሰማ ሰው አለ፤ ያልጸናው ሳይታረም ወደሚቀጥለው አይታለፍም። በየቀኑ የሚደረግ የዐሥር ደቂቃ ልምምድ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ልምምድ ለሕፃን ይበጃል፤ ትኵረቱ ሳይደክም ይነሣልና።

ወላጁ ኖታ አለማወቁ እንቅፋት አይሆንም። እናት ወይም አያት ልጁን በጣቱ እየጠቈመ እንዲያዜም ሊጠይቁት ይችላሉ። ጣቱ ከድምፁ ጋር አብሮ ካልሄደ ልጁ የሚያዜመው ከገጹ ሳይሆን በቃሉ ከያዘው እንደሆነ ይታወቃል። ከመካከል አንድ ቦታ አመልክተው «ከዚህ ጀምርልኝ» ቢሉትና ቢያቅተው ንባቡ ገና እንዳልመጣ ይረዳሉ። ይህ ቁጣም አለንጋም አይሻም፤ የሚሰማ ጆሮና ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል። በክፍልም ውስጥ ቀድሞ የገባው ተማሪ ለጓደኛው እንዲያሰማው ማድረግ በብዙ ተማሪ የተጨናነቀን መምህር ያግዛል።

5. መቃወሚያውና መልሱ

በዚህ አስተያየት ላይ ሊቀርብ የሚችለው መቃወሚያ የታወቀ ነው። መሣሪያ የለም፤ የተማሪው ቁጥር ብዙ ነው፤ የሙዚቃ መምህር ጥቂት ነው። ከእነዚህ ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደሚባለው አይከብዱም። ድምፅ፣ እጅና ዱላ ዋጋ አይጠይቁም፤ ኅብረ ዝማሬም በባሕርዩ ብዙ ሰው ይሻል። ሦስተኛው ግን እውነተኛ ችግር ነው። ራሱ ከገጽ አንሥቶ የማያዜም መምህር ማንበብን ሊያስተምር አይችልም። ሙዚቃ በክወናና በእይታ ጥበባት ትምህርት ውስጥ ተጠቃሎ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሰጥ መባሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ መምህሩ ካልዘፈነ ያው የመስመር ስም ሽምደዳ መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ገንዘብና ጊዜ የሚገባቸው ከፒያኖ ይልቅ ለመምህሩ ጆሮና ጉሮሮ ነው።

የጉዳዩ ክብደት ከክፍሉ ግድግዳ ያልፋል። በየሠፈሩ የሚዘፈኑ የልጆች ዘፈኖች፣ እሽሩሩዎችና የሠርግ ዜማዎች በአብዛኛው አልተጻፉም። የሚያውቋቸው ሰዎች ሲያልፉ አብረው ያልፋሉ። መቅረጸ ድምፅ ድምፁን ሊያስቀር ይችላል፤ ዜማውን ተንትኖ፣ ከሌላው አመሳክሮ፣ ለሌሎች ዘማሪዎች ማቅረብ ግን የሚጽፍ እጅ ይሻል። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ያደረጉትን ለአበባየሆሽና ለእሽሩሩ የሚያደርግላቸው ትውልድ የሚገኘው ዛሬ በሚማሩት ሕፃናት መካከል ነው።

ስለሆነም የትምህርቱ ውጤት የሚመዘነው በሁለት ቀላል ጥያቄዎች ሊሆን ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን የአራት ምድብ ዜማ ከገጽ አንሥቶ ያዜማልን? ነሐሴ 13 ቀን በተክለ ሃይማኖት መንገድ ላይ የጨፈረውንስ ሆያ ሆዬ፣ ጓደኛው አይቶ ሊያዜመው በሚችል መልክ ይጽፈዋልን? ሁለቱን ከቻለ አንብቧል፤ ጽፏልም። ካልቻለ ግን የአምስቱን መስመሮች ስም ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ቢያነበንብ፣ ትምህርቱ ገና አልተጀመረም።